«ወላጅ አምጣ» ያልነው ልጅ

ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ ስትረጋጉ አንብቡት። ልጽፈው ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ አጥፍቼዋለሁ። ታሪኩ ውስጥ እኔም አለሁበት፣ የቆምኩበትም ቦታ የሚያኮራ አይደለም።

ባለፈው ጥር ከደጀን ስመለስ ማርቆስ መናኸሪያ ወረድኩ። ገና እግሬ መሬት ሲነካ አንድ ረዳት «ቲቸር!» ብሎ ጮኸ። ወዲያው አላወቅሁትም። ቁመቱ ተመዝዟል፣ ድምፁ ጎርንኗል፣ ፊቱን ፀሐይ አክስሎታል። ሊጨብጠኝ የዘረጋው ግራ እጁን ነው። በእኛ አገር ታላቁን በግራ እጅ ሰላም የሚል ልጅ የለም፤ ስለዚህ ቀኙን ፈለግሁት። ወደ ጀርባው ደብቆታል። ከኋላው ቀጭን ጭስ ይወጣል።

ሲጃራውን ከእኔ መደበቁ ነው። ማን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት በዚያው በሲጃራ ሰበብ ከትምህርት ቤት ያስወጣነው ልጅ ነው። ያስወጣውን መምህር እያከበረ ሲጃራውን ይደብቅለታል! ቤቴ እስክገባ ድረስ ጉሮሮዬ ላይ የሆነ ነገር ተሰንቅሮ ቆየ።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ጊዜው 2014 ዓ.ም. ነው። ያኔ የማስተምርበትን ትምህርት ቤት ስም መጥራት አያስፈልግም፤ ጥፋቱ የእኛ የመምህራኑ እንጂ የሕንፃው አይደለም። እኔ የስፖርት መምህር ነኝ፣ ዲፕሎማ ነው ያለኝ (ዲግሪውን በክረምት ጀምሬ በኑሮ ምክንያት አቋርጬዋለሁ፤ እሱን ሌላ ቀን እጽፈዋለሁ)። በዚያ ዓመት የአንድ ዘጠነኛ ክፍል ሆም ሩም ነበርኩ። አንድ ሰኞ ጠዋት የጥበቃው ሠራተኛ ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ያገኘውን የሲጃራ ቁራጭ በወረቀት ጠቅልሎ ይዞ መጣ። ዩኒት ሊደሩ ተቆጣ። «ዛሬውኑ ይፈተሹ!» ተባለ። እሱ፣ እኔና አንድ ሌላ መምህር ሆነን ክፍል ገባን።

አሁን ልብ በሉልኝ። ክፍሉ ውስጥ ከሃምሳ በላይ ተማሪ አለ። እኛ ግን የፈተሽነው የሰባት ልጆችን ቦርሳ ብቻ ነው። አራቱ ከወለጋ በኩል አባይን ተሻግረው ከቤተሰቦቻቸው ጋር ተፈናቅለው የመጡ ናቸው። አንዱ ከመተከል የመጣ አገው ነው፣ ቤት ተከራይቶ ብቻውን ይኖራል። አንዱ አባቱ ወታደር ስለሆነ ካምፕ ለካምፕ ሲዞር ያደገ ነው። አንዱ ደግሞ እናቱ ከደቡብ መጥታ እዚህ ሻይ ቤት የከፈተች። እነዚህን ፈትሹ ብሎ ያዘዘን ሰው የለም። እጃችን በራሱ ጊዜ ነው ወደ እነሱ የሄደው። ዓይናችን የማርቆስን ልጆች ዘሎ አለፋቸው።

ከሰባቱ በአንዱ ደብተር ውስጥ ሁለት ፍሬ ኒያላ ተገኘ። ልጁ አልካደም፣ አላለቀሰም። «ወላጅ አምጣ» አልነው። «እሺ ቲቸር» ብሎ ደብተሩን ይዞ ወጣ። በዚያው ቀረ።

እኔም አልፈለግሁትም። እውነቱን ለመናገር ጉዳዩ በማለቁ ደስ ብሎኝ ነበር። ከአንድ ወር በኋላ ከጓደኞቹ ስሰማ ነው ነገሩ የገባኝ። ልጁ የሚኖረው ከእህቱ ጋር ነው፤ እህቱ የቀን ሥራ ነው የምትሠራው፣ ግንባታ ላይ ሲሚንቶ ታቀብላለች። እናቱ ትንንሾቹን ይዛ ቡሬ ዘመድ ዘንድ ተጠግታለች። አባቱ በሕይወት ይኑር አይኑር የሚያውቅ የለም። እና «ወላጅ አምጣ» ስንለው ማንን ያምጣ? እህቱ አንድ ቀን ሥራ ብትቀር የዚያን ቀን እራት የለም። ለእኛ ተራ ቅጣት የሆነው ነገር ለእሱ «ተባረሃል» ማለት ነበር።

ይኼ ብቻ ቢሆን ምናልባት «ሳናውቅ ነው» ብዬ ራሴን ባጽናናሁ ነበር። ግን ሁለተኛም ነገር አለ።

በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ሌላ ልጅ ተያዘ። የታወቀ ቤተሰብ ልጅ ነው፣ ሰንበት ትምህርት ቤት ያገለግላል፣ በትምህርቱም ጎበዝ። ከአጥሩ ጥግ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ሲያጨስ ጥበቃው እጅ ከፍንጅ ያዘው። ምን እንዳደረግን ታውቃላችሁ? ቢሮ አስገብተን በሩን ዘጋን። «አንተ? የእነ እገሌ ልጅ?» አልነው። አባቱ ጋ ደወልን፤ «ጋሼ፣ አይደንግጡ፣ ለምክር ያህል ነው፣ ሲመችዎ ብቅ ይበሉ» አልናቸው። መጡ። ልጁ አለቀሰ፣ እኛም መከርን፣ አባቱም መከሩ። ወሬው ከቢሮው አልወጣም። ልጁ ማጨሱን ተወ፣ ትምህርቱንም ቀጠለ።

ደግ አደረግን። የሚቆጨኝ ለአንደኛው ያደረግነውን ለሌላኛው አለማድረጋችን ነው። ሲጃራው አንድ ዓይነት ኒያላ ነው፤ ዕድሜያቸውም እኩል ነው።

እዚህ ላይ አንዳንዶቻችሁ የምትሉት ይታየኛል። «ሲጃራ እኮ የኛ አይደለም፣ ከውጭ የመጣ ነው።» ይህንን በመምህራን ማረፊያ ክፍል፣ በጠላ ቤት፣ በለቅሶ ድንኳን ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ። ግማሹ እውነት አለው። ጎጃም ውስጥ ማጨስ ነውር ነው። የገጠሩ ሰው «ትምባሆ ጠጪ» ሲል ከሌባ ብዙም አያርቀውም። አፄ ዮሐንስ 4ኛ አጫሹን ከንፈሩን፣ ሱረት ሳቢውን አፍንጫውን ያስቆርጡ ነበር ተብሎ በታሪክ ይነገራል፤ ነገሩ ምን ያህል ሥር እንዳለው ከዚህ እዩት። ነውርነቱም ጠቅሞናል። እ.ኤ.አ. በ2016 በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው የአዋቂዎች የትምባሆ ጥናት ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ኢትዮጵያውያን ትምባሆ የሚጠቀሙት 5 በመቶ ብቻ ናቸው፤ ከወንዶች 8.1 በመቶ፣ ከሴቶች 1.8 በመቶ። ስንትና ስንት አገር ይህንን ቁጥር ቢያገኝ ደስታውን አይችለውም። (አረቄውን ግን ለልጆቻችን በእጃችን እየቀዳን እንደምንሰጥ እዚህ ላይ ትዝ ይበላችሁ። ስለ ነውር ስናወራ መራጮች ነን።)

ችግሩ «ነውር ነው» የሚለው ነገር ቀስ በቀስ «የእነሱ ነው» ወደሚል መለወጡ ነው። ዩኒቨርሲቲው ሲከፈት «ከየአገሩ የመጡት ልጆች ያመጡት ነው» አልን። ተፈናቃዮች ሲመጡ «እነሱ ናቸው ያስተማሯቸው» አልን። የሺሻ ነገር ሲነሳ ጣታችን ወደ ሙስሊም ሰፈር ይሄዳል፤ የሙስሊሞቹ አባቶች ግን በዚህ ጉዳይ ከእኛ ይብሳሉ እንጂ አያንሱም። እኔ በአስተማርኩባቸው ዓመታት ሲያጨሱ በዓይኔ ያየኋቸውን ልጆች አንድ በአንድ አስባቸዋለሁ። አብዛኞቹ የዚሁ አገር ልጆች ናቸው፤ የማርቆስ፣ የአማኑኤል፣ የደምበጫ፣ የሉማሜ። የተደበቁ ግን ነበሩ። ማስቲካ ያኝካሉ፣ እጃቸውን በሎሚ ያሻሉ፣ ወደ ውትርን ወንዝ ወርደው ያጨሳሉ። እኛ የመጤ ልጅ ቦርሳ ስንበረብር እነሱ ከመጨረሻው ወንበር ተቀምጠው ያዩናል።

እስኪ ነውር እንዴት እንደሚሠራ እናስብ። ሰው የሚያፍረው በሰው ፊት ነው። ያ ሁለተኛው ልጅ ማጨሱን የተወው ሳንባው አሳዝኖት አይደለም፤ አባቱ ቢሮ ገብተው ሲቀመጡ ፊታቸውን ስላየ ነው። ነፍስ አባት አለው፣ አክስት አለው፣ «የእነ እገሌ ልጅ» የሚል ሰፈር አለው። አንደኛው ልጅ ማርቆስ ውስጥ ማን አለው? «የማን ልጅ ነህ?» ብሎ የሚጠይቀው እንኳ የለም። እንግዲህ በይሉኝታ ብቻ ልጆችን እንጠብቃለን ካልን፣ የምንጠብቀው ቀድሞውንም የሚጠብቃቸው ያላቸውን ነው። ሌላው ሜዳ ላይ ነው።

ሌላም ነገር አለ። አንድ ጊዜ ከሜዳ ሥራ በፊት ክፍል ውስጥ ስለ ሲጃራ ሳስተምር «ትምባሆ የሚያጨስ ባለጌ ነው» አልኩ። አንዲት ከፊት የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ አያቴ ጋያ ታጨሳለች፤ ግን ባለጌ አይደለችም።» ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሷ አልሳቀችም። ቤተሰቦቿ ከደቡብ ናቸው፤ በእነሱ አገር ትልልቅ እናቶች ከቅል በተሠራ ጋያ በአደባባይ ያጨሳሉ፣ ማንም ዞር ብሎ አያያቸውም። እኔ በአንድ ቃል አያቷን ሰደብኩባት። ከዚያ በኋላ ስለ ሳንባ የነገርኳት አንድም ነገር ጆሮዋ አልገባም። እኔ ብሆንም አልሰማም። በሌላ ቦታ ደግሞ ሱረት የሚስቡ አያት ያላቸው ልጆች አሉ። «የኛ ባህል ንጹሕ ነው፣ የናንተ ቆሻሻ ነው» የሚል ትምህርት ለእነዚህ ልጆች ትምህርት ሳይሆን ስድብ ነው።

አሁን ስለ አያት አላወራም። ስለ አሥራ አምስት ዓመት ልጅ አንጎል ነው የማወራው። ኒኮቲን ከሳንባ ተነስቶ አንጎል ለመድረስ ጥቂት ሰከንዶች ይበቁታል። የሰው አንጎል ደግሞ እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ድረስ ገና እየተሠራ ነው፤ ስለዚህ በዚህ ዕድሜ የገባ ሱስ ከአዋቂው ይልቅ ሥር ይሰዳል። ሐኪም አይደለሁም፤ የማውቀው ሜዳ ነው። በሜዳ ግን ማስረጃው ይታያል። ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ራሱ ሳሳ ያለ ነው። የአሥራ ሁለት ደቂቃ ሩጫ ሳስሮጥ ማን እንደሚያጨስ ሳልጠይቅ አውቃለሁ። ልጆቹም ያውቃሉ። «ካንሰር ይይዝሃል» ስትለው የሚስቅ ልጅ «በሁለተኛው ግማሽ ለምን ትቆማለህ?» ስትለው ዝም ይላል። ይህ ጥያቄ አገው አይል፣ ኦሮሞ አይል፣ አማራ አይል።

ወደ ሻጩ ልምጣ። እኛ ልጆቹን በዘር ለይተን ስንፈትሽ ሻጩ ግን ሁሉንም በእኩል ያስተናግዳል።

ኒያላን የሚያመርተው ብሔራዊ ትምባሆ ድርጅት ለረጅም ዘመን የመንግሥት ነበር። በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ጃፓን ቶባኮ የተባለው ኩባንያ 40 በመቶ ድርሻውን በ510 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፤ በ2010 ዓ.ም. ደግሞ ጨምሮ ወደ 71 በመቶ አደረሰው። እስኪ አስቡት፤ ከመቶ ሰው አምስቱ ብቻ ትምባሆ በሚጠቀምበት አገር ይህን ያህል ገንዘብ የሚያፈስ ነጋዴ ምን አይቶ ነው? አምስቱን አይመስለኝም። ያልጀመሩትን ዘጠና አምስቱን ነው። ከእነሱም ውስጥ ልጆቹን፤ አርባ ዓመት ሞልቶት ማጨስ የሚጀምር ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

በሌላው ዓለም የሆነውንም እናውቃለን። አሜሪካ ውስጥ የሲጋራ ኩባንያዎች ሜንቶል ያለበትን፣ ጉሮሮ የሚያቀዘቅዘውን ሲጋራ ለአሥርት ዓመታት በጥቁሮች ሰፈር፣ በጥቁሮች መጽሔት፣ በሙዚቃ ድግሳቸው ላይ ለይተው ሲያስተዋውቁ ኖረዋል። ዛሬ ከጥቁር አሜሪካውያን አጫሾች ከ80 በመቶ በላዩ የሚያጨሰው ሜንቶል ነው፤ ከነጮቹ ግን አብዛኛው አይደለም። እንዲህ ነው ነገሩ። ሻጭ የእያንዳንዱን ወገን ጣዕምና ልማድ አጥንቶ ይመጣል። እኛ ለመከላከል የቆምነው ግን ለሁሉም አንድ ስብከት፣ ላልወደድነው ደግሞ ፍተሻ ይዘን እንቆማለን።

ሕግስ የለም ወይ? አለ፤ ጥሩ ሕግ ነው ያለን። አገራችን የዓለም ጤና ድርጅትን የትምባሆ ቁጥጥር ስምምነት ከተቀበለች ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗታል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ትምባሆ መሸጥን ይከለክላል። በሥራ ቦታና ሕዝብ በሚገለገልባቸው ቤቶች ውስጥ ማጨስ ክልክል ነው። ማስታወቂያ ክልክል ነው። ሺሻና በኤሌክትሪክ የሚሠራው ሲጋራም መሸጥ የለበትም። ፓኬቱም ከፊትና ከኋላው 70 በመቶ በሚሆነው ላይ ማስጠንቀቂያ ከነሥዕሉ እንዲኖርበት ያዛል።

ግን የትኛው ተማሪ ነው ፓኬት የሚገዛው? ተማሪ የሚገዛው በፍሬ ነው። ሱቅ በደረቴ ከማስቲካና ከሶፍት ጎን ደርድሮ በፍሬ ይሸጥለታል። ያ የታመመ ሳንባ ሥዕል ሻጩ ጋ ይቀራል፤ ልጁ አይቶት አያውቅም። ዋጋውም ከአንድ ብርጭቆ ሻይ ብዙ አይርቅም። በ2012ቱ የኤክሳይዝ አዋጅ በአንድ ፓኬት ላይ ከመቶኛው ታክስ ሌላ 8 ብር ተጨምሮበት ነበር፤ ለሃያ ፍሬ አካፍሉት፣ 40 ሳንቲም ነው። በአሁኑ ኑሮ 40 ሳንቲም ማንን ያስቆማል?

ካለሁበት ትምህርት ቤት በር ትይዩ አንድ ትንሽ ሱቅ አለች። ባለቤቷን ሄጄ አነጋገርኳቸው።

«እትዬ፣ ዩኒፎርም ለለበሰ ልጅ ሲጃራ ባይሸጡለትስ?»

«አይ መምህር፣ እኔ ብተወው ማዶ ያለው አይሸጥለትም? ደሞስ ‹አባቴ ልኮኝ ነው› ካለኝ ምን ልበለው?»

መልስ አጣሁ። እውነታቸውን ነው፤ እንልካለን እኮ። እኛ መምህራን ራሳችን! «ሂድ አንድ ፍሬ ይዘህልኝ ና፣ መልሱን ለራስህ» ሲል የሰማሁት የሥራ ባልደረባ አለኝ። የተላከው ልጅ አሥራ አራት ዓመቱ ነው። ያ ልጅ ስለ ሲጃራ መጥፎነት በሚኒ ሚዲያ ቢነበብለት ምን ይሰማዋል? ሴትዮዋን ሦስት ጊዜ ተመላልሼ ለመንኳቸው። በመጨረሻ «በመግቢያና በእረፍት ሰዓት አላወጣውም፤ ከዚያ ውጭ ግን እንጀራዬ ነው» አሉኝ። ሕጉ ከዚህ በላይ ይጠይቃል፤ እኔ ግን ያቺን ያህሏንም አመስግኜ ወጣሁ። ደንብ አስከባሪው ይህን የእኔን ልመና ሥራዬ ብሎ ቢይዘው ኖሮ የት በደረስን።

ጊዜውም አላገዘንም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን ያለውን ሁኔታ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ዝርዝር ውስጥ አልገባም። ስንት ትምህርት ቤት ተዘግቶ ከረመ! ሜዳ የለ፣ ክፍል የለ፣ ሥራ የለ። አሥራ ስድስት ዓመት የሞላው ልጅ ከጠዋት እስከ ማታ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይውላል። ከዚያ አንዱ ጫት ያመጣል። ጫቱ በራሱ ሲጃራ ይጠራል፤ ምርቃናው ሲመጣ «አንድ ሳብ አድርግ» የሚል አይጠፋም። ከመዘጋቱ በፊት ያልነኩ ልጆች ትምህርት ሲከፈት ጣታቸው ቢጫ ሆኖ መጥተዋል። እዚህ ላይ መጤ ነባር የለም፤ ሥራ ፈትነት ሁሉንም አንድ አድርጎ ነው ያገኛቸው።

«አገር በዚህ ጭንቅ ውስጥ እያለች ስለ ሲጃራ ትጽፋለህ?» የምትሉኝ አላችሁ። አዎ፣ እጽፋለሁ። ትምባሆ በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰው ይገድላል፤ ጭንቁ ሲያልፍ እነዚህ ልጆች ሱሱን ይዘው ነው የሚቀሩት።

አሁን ያለሁበት ትምህርት ቤት ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር ሆነን አንድ ነገር ጀምረናል። ትልቅ ነገር አድርጋችሁ አትዩብኝ። ሲጃራ የተገኘበት ልጅ ገና በመጀመሪያው ቀን «ወላጅ አምጣ» አይባልም። «ከመምህራን ሁሉ ማንን ትቀርባለህ? ወይም ከተማው ውስጥ ማንን ታፍራለህ?» ተብሎ ይጠየቃል። መልሳቸው ያስገርማል። አንዱ የሰፈሩን የእግር ኳስ አሠልጣኝ ጠራ። አንድ ሙስሊም ልጅ የመስጊዱን ኡስታዝ። ከእንጅባራ በኩል የመጣው ደግሞ ቤት ያከራዩትን እናት፤ «እሳቸው ካወቁ በቃ ሞቻለሁ» አለን። ሴትዮዋን ጠራናቸው፣ መጥተው እንደ ልጃቸው ተቆጡት፣ ወዲያው ደግሞ እንጀራ ስለማይበላልኝ ነው ብለው አለቀሱ። ልጁ ይኸው እስከ ዛሬ አላጨሰም፤ ቢያንስ እኔ አላየሁትም።

ፍተሻም ካስፈለገ ወይ ሁሉም ይፈተሻል፣ ወይ ማንም አይፈተሽም። ይህቺን ለማስወሰን ብቻ ሁለት ስብሰባ ፈጅቶብናል። «የታወቁ ቤተሰብ ልጆችን እንዴት እናዋርዳለን?» ያለ ሰው ነበር። ሌሎቹን ማዋረድ ግን ለስብሰባ እንኳ ቀርቦ አያውቅም።

ሁሉም ተሳካ አልልም። አንዱ ልጅ «የማፍረው ሰው የለኝም» አለን። ሦስታችንም ተራ በተራ ሞከርነው። አሁንም ያጨሳል። ግን ክፍል ይገባል፤ ክፍል እስከገባ ድረስ ነገም ላናግረው እችላለሁ። መናኸሪያ ያለውን ግን ማን ያናግረዋል?

እኔው ሄድኩ። ባለፈው ቅዳሜ መናኸሪያ ሄጄ ፈለግሁት። ሚኒባሱ እስኪሞላ አጠገቡ ቆሜ ጠበቅሁት፤ ከዚያ ሻይ ጋበዝኩት። ያን ቀን ስላደረግነው ነገር ይቅርታ ጠየቅሁት። አንገቱን ደፍቶ «ኧረ ቲቸር፣ ምን አደረጋችሁኝ» አለኝ፤ እንዲህ ሲል ይብሱን አመመኝ። በቀን ስንት እንደሚያጨስ ስጠይቀው አልመለሰልኝም። እህቱ አግብታለች፣ እናቱ አሁንም ቡሬ ናቸው። ስለ ማታ ትምህርት አነሳሁለት፤ ዘጠነኛን እንደገና ጀምሮ ቀን ረዳትነቱን መሥራት ይችላል። ብዙ ዝም ካለ በኋላ እንዲህ አለኝ፦

«እዚያም ወላጅ አምጣ ይሉኛል እንዴ ቲቸር?»

«ካሉህ እኔ እመጣለሁ» አልኩት።

ምዝገባው ሐሙስ ጠዋት ነው። በዚያው ሰዓት እኛ የመምህራን ስብሰባ አለብን። ባልደረቦቼ፣ ቃለ ጉባኤ የሚይዝልኝ ሰው ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ።